መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ ሴረም

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ ፀሐይና ስለ ቆዳ ነው። በተለይም «አንቲኦክሲዳንት» እየተባሉ ቆዳን ከፀሐይ ጉዳት ይጠብቃሉ ስለሚባሉት ነገሮች፣ ማለትም ስለ ቫይታሚን ሲ፣ ስለ ቫይታሚን ኢ፣ ስለ ኒያሲናማይድና ስለ መሰሎቻቸው እንነጋገራለን።

ቦሌም ሆነ መርካቶ የመዋቢያ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ጎራ ብትሉ ክዳኑ ላይ ማንጠባጠቢያ ያለው ትንሽ ጠርሙስ አታጡም። ላዩ ላይ «ቫይታሚን ሲ ሴረም» ይላል። ከዱባይ በሻንጣ የገባ አለ፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው አለ፣ በቴሌግራም የሚቸበቸበውማ ስፍር ቁጥር የለውም። ሻጩን ብትጠይቁት «ከፀሐይ ይከላከላል፣ ማዲያት ያጠፋል፣ ፊት ያበራል» ይላችኋል። እውነትም አለበት፣ ማጋነንም አለበት።

ዝግጅቱን ሳትጨርሱ ወደ ሥራ የምትሮጡ ስለምትኖሩ ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሴረሙ ጥሩ ረዳት ሊሆን ይችላል፤ ተራው ግን ከጥላና ከፀሐይ መከላከያ ክሬም በኋላ ነው። ሁለቱን ትቶ እሱን ብቻ የገዛ ሰው ገንዘቡን አባክኗል። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ያላችሁ አብራችሁኝ ቆዩ። አንድ ነገር ላስታውስ፤ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከፀሐይ ከሚመጣው ጨረር ውስጥ ዓይናችን የማያየው፣ አልትራቫዮሌት የሚባል ክፍል አለ። ሊቃውንቱ በሦስት ይከፍሉታል፤ ዩቪሲ፣ ዩቪቢ እና ዩቪኤ። ዩቪሲን ሰማይ ላይ ያለው የኦዞን ንጣፍ ስለሚያስቀረው እኛ ዘንድ አይደርስም፤ እሱን እንተወው። ምድር ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት 95 በመቶ ገደማ የሚሆነው ዩቪኤ ነው፤ የቀረው ዩቪቢ ነው።

ዩቪቢ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ጉልበቱ ብርቱ ነው። ቆዳን በዋናነት የሚያቃጥለውና የሚልጠው እሱ ነው፤ የሴሎቻችንንም ዲኤንኤ በቀጥታ ይመታል። እኩለ ቀን ላይ ይበረታል፣ ማለዳና ማታ ይደክማል፣ የመስኮት መስታወትም አብዛኛውን ያስቀረዋል። ዩቪኤ ግን ሲመታን አይታወቀንም። አያቃጥልም፣ አያሳክክም። ፀሐይ ከወጣችበት እስከምትጠልቅበት ድረስ አለ፣ መስታወት ያልፋል፣ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ተሻግሮም ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን ወዳለበት ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዘልቃል።

በ2012 ዓ.ም. «ዘ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» የተባለው የሕክምና መጽሔት የአንድ የ69 ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር ፎቶግራፍ አውጥቶ ነበር። ሰውየው 28 ዓመት መኪና ነድቷል። የቀኝ ፊቱ ዕድሜውን ይመስላል። በመስኮቱ በኩል ያለው የግራ ፊቱ ግን ተሸብሽቦ፣ ወፍሮ፣ ተንጠልጥሎ የሌላ ሽማግሌ ፊት መስሏል። ይህን ያደረገው መስታወቱን ሰንጥቆ የገባው ዩቪኤ ነው። የእኛም ሹፌሮች የሚቀመጡት በግራ በኩል ነው። ታክሲና የአገር አቋራጭ አውቶቡስ የምትነዱ አድማጮቻችን፣ መስኮቱን ዘግታችሁ ስለነዳችሁ ፀሐይ አላገኛችሁም ማለት አይደለም።

የአገራችንም አቀማመጥ አንድ ነገር ይጨምራል። ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ አናታችን ላይ ትቆማለች። የደጋ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐይዋ የላላች ትመስለዋለች። ሙቀትና አልትራቫዮሌት ግን ለየብቻ ናቸው። ሹራብ ለብሳችሁ በምትንቀጠቀጡበት የጥቅምት ጠዋት ጨረሩ ሥራውን እየሠራ ነው። የክረምቱም ስስ ደመና ብዙውን ያሳልፋል። ጨረሩ መበርታቱን ያለ መሣሪያ ማወቅ ከፈለጋችሁ ጥላችሁን እዩት። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ፀሐይዋ ከባድ ናት ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ቆዳችን ውስጥ እንግባ። ዩቪኤ ሲገባ በሴሎቻችን ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ያውካል። ኤሌክትሮን የጎደላቸው፣ ያልተረጋጉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ፍሪ ራዲካል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የጎደላቸውን ለመሙላት ከአጠገባቸው ካለው ሁሉ ይነጥቃሉ፤ ከሴሉ ሽፋን ቅባት፣ ከፕሮቲን፣ ከዲኤንኤ። የተነጠቀውም በተራው ከጎረቤቱ ይነጥቃል። ቆዳም ይህን ሲያይ የአደጋ ምልክት ይሰጥና ኮላጅንን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ያመርታል። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት እነዚህ ኢንዛይሞች የሚነሡት ቆዳ እስኪቀላ ጠብቀው አይደለም፤ ከዚያ በጣም ያነሰ ጨረርም ይበቃቸዋል። የቆዳ መሸብሸብና መላላት የሚመጣው እንዲህ በየቀኑ ከተጠራቀመ ጥቃቅን ጉዳት ነው።

አንቲኦክሲዳንት ማለት ለእነዚህ ቅንጣቶች የራሱን ኤሌክትሮን ሰጥቶ የሚያረጋጋቸውና ሰንሰለቱን የሚቆርጥ ነገር ነው። ሰውነታችን የራሱ አለው፤ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ግሉታታዮን እና ሌሎችም ቆዳችን ውስጥ ተቀምጠዋል። ችግሩ ፀሐይ ስትበረታ ማለቃቸው ነው። ቫይታሚን ሲን ደግሞ ሰው፣ ከብዙዎቹ እንስሳት በተለየ፣ ራሱ መሥራት አይችልም። ብርቱካንና ዘይቱን ብንበላም ወደ ቆዳ የሚደርሰው ሰውነት የወሰነለት ድርሻ ብቻ ነው። ከላይ ብንቀባውስ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው፤ ሐሳቡም ትክክለኛ ሐሳብ ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ላንሣ። «እኛ ጥቁሮች ነን፤ ፀሐይ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል አለ። ግማሹ እውነት ነው። በ1979 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት የጥቁርና የነጭ ሰው ቆዳን ለክቶ፣ ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው 13 ገደማ የመከላከል አቅም ሲኖረው የነጭ 3 ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ቁጥሩ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ላይ «ኤስፒኤፍ» ተብሎ ከሚጻፈው ጋር አንድ ዓይነት ነው። የፀሐይ ቆዳ ካንሰር በእኛ ዘንድ የሚያንሰው ቆዳን በሚያጠቁረው ሜላኒን ምክንያት ነው። ነገር ግን 13 ትልቅ ቁጥር አይደለም፤ ቆዳችን ከጠይም እስከ ጥቁር ስለሚለያይም ለሁላችንም እኩል አይሠራም።

የእኛ ዋና ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው፤ ማዲያትና ጥቁር ነጠብጣብ። በ2010 ዓ.ም. በዲትሮይት፣ ሄንሪ ፎርድ ሆስፒታል የተሠራ ጥናት ዓይናችን የሚያየው ተራ ብርሃን እንኳ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የሚቆይ ጥቁረት እንደሚያስከትል አሳይቷል፤ ነጭ ቆዳ ላይ ግን ይህ አልታየም። ስለዚህ ማዲያት ያለባት እህታችን ለነጭ ቆዳ የተሠራውን ክሬም ገዝታ «አልሠራልኝም» ብትል አይፈረድባትም። ወደ መፍትሔው በኋላ እመለሳለሁ።

ሌላም አለ። በ2015 ዓ.ም. የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ባለሙያውን ሁሉ አስገርሟል። ሜላኒን በሚሠሩ ሴሎች ላይ ጨረር አሳርፈው መብራቱን ካጠፉ በኋላ የዲኤንኤው ጉዳት አላቆመም። ጨለማ ውስጥ ከሦስት ሰዓት በላይ መጨመሩን ቀጠለ። በጨረሩ የተነሡት ፍሪ ራዲካሎች የሜላኒንን ቁራጭ ኃይል ያስታቅፉታል፣ እሱም ኃይሉን ወደ ዲኤንኤ ያሻግረዋል። በላብራቶሪው ቫይታሚን ኢ ይህን የጨለማ ጉዳት ሊገታ ችሏል። ሜላኒን ጠላት ነው ማለቴ አይደለም፤ ያለ እሱ በዚህ አገር መኖር ከባድ ነበር። ግን የአንቲኦክሲዳንት ጉዳይ ለቀይ ብቻ የተጻፈ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ከሁሉም በላይ የተጠናው ቫይታሚን ሲ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ኤል አስኮርቢክ አሲድ። በሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሼልደን ፒኔል የሚባሉ የቆዳ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2001 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ዛሬም የምንሠራባቸውን ልኬቶች አስቀምጠዋል። ቫይታሚን ሲ ቆዳን ዘልቆ የሚገባው ፈሳሹ አሲድነቱ ጠንከር ሲል፣ ማለትም ፒኤች ከ3.5 በታች ሲሆን ነው። መጠኑ እስከ 20 በመቶ ሲጨምር የሚገባውም ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ ግን አይጨምርም። ስለዚህ «30 በመቶ» የሚል ስታዩ አትደነቁ፤ ትርፉ ፊት ማሳከክ ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ ግማሹ ለመጥፋት አራት ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ስታጠቡት አብሮ አይሄድም።

የቫይታሚን ሲ ክፉ ጠባዩ አለመርጋቱ ነው። አየርና ብርሃን ሲያገኘው እንደተላጠ ድንች ይጠቁራል። አዲሱ ሴረም እንደ ውኃ የጠራ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ቡናማ ሲሆን ኃይሉ አልቋል። እንግዲህ አስቡት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠርሙስ ውስጥ ተደርጎ፣ ፀሐይ በሚገባበት የሱቅ መስታወት ውስጥ ወራት የተቀመጠ ቫይታሚን ሲ ምን ሊቀረው ነው? በእኔ አስተያየት ገበያችን ላይ ያለው ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ስትገዙ ጠርሙሱ ጠቆር ያለና በደንብ የሚገጠም ይሁን፤ መጠኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ መሆኑ ይጻፍበት፤ ቤት ስትገቡ ጥላ ያለበት ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። በቀላሉ የሚቆጣ ቆዳ ላላቸው ሶዲየም አስኮርቢል ፎስፌት የሚባሉትን ዓይነት የተለወጡ የቫይታሚን ሲ ዝርያዎች መሞከር ይቻላል። እነሱ ይረጋሉ፣ አያቃጥሉም፤ ማስረጃቸው ግን ከዋናው ያንሳል።

ቫይታሚን ሲ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነ የሴሉን ውኃማ ክፍል ይጠብቃል። ቫይታሚን ኢ ደግሞ በቅባት የሚሟሟ ነውና የሴሉ ሽፋን ላይ ይቀመጣል። ሁለቱ ተደጋጋፊ ናቸው፤ ቫይታሚን ኢ ኤሌክትሮኑን ሰጥቶ ሲደክም ቫይታሚን ሲ መልሶ ያድሰዋል። ሦስተኛው ፌሩሊክ አሲድ ነው፤ በስንዴ፣ በሩዝና በበቆሎ ቅርፊት ውስጥ ያለ፣ ፉርሽካ ብለን ለከብት በምንሰጠው ውስጥ የሚገኝ ነገር። የዱክ ቡድን በ2005 ዓ.ም. 15 በመቶ ቫይታሚን ሲ እና 1 በመቶ ቫይታሚን ኢ ላይ ግማሽ በመቶ ፌሩሊክ አሲድ ቢጨምር ውህዱ መርጋቱን፣ ቆዳን የመጠበቅ ኃይሉም ከአራት እጥፍ ወደ ስምንት እጥፍ መድረሱን ገለጠ። ዛሬ ውድ ከሚባሉት ሴረሞች ብዙዎቹ የዚህ ቀመር ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን። ያ የ2005 ሙከራ የተሠራው በአሳማ ቆዳ ላይ ነው። የአሳማ ቆዳ ከሰው ጋር ስለሚመሳሰል ለጥናት ይመረጣል፤ ቢሆንም ሰው አይደለም። ቀጥሎ በሰዎች ላይ የተሠራው ሙከራም ውጤቱ መልካም ቢሆንም ተሳታፊዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ፒኔልም ቀመሩን የሚሸጠውን ኩባንያ ከመሠረቱት መካከል ናቸው። ይህ ውጤቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ሌሎችም ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። ነገር ግን ሻጭና አጥኚ ሲቀራረቡ አንባቢ ዓይኑን ገለጥ ማድረግ አለበት። ደግሞም ልብ በሉ፤ ሴረም ላይ እንደ ክሬሙ «ኤስፒኤፍ 30» የሚል ቁጥር የለም። የአንቲኦክሲዳንትን የመከላከል አቅም የሚለካ፣ በመለያው ላይ የሚጻፍ የጋራ መለኪያ ስለሌለ ነው። «ይህ ሴረም ኤስፒኤፍን ይተካል» ያላችሁ ሁሉ አታሏችኋል።

ኒያሲናማይድን ስጠቅስ ደስ ይለኛል፤ ርካሽ ነው፣ ይረጋል፣ ብዙ ሰው ይስማማዋል። የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ነው። በትክክል ሲመደብ አንቲኦክሲዳንት ብቻ አይደለም። ፀሐይ ሴሉን ስትመታ የሚሟጠጠውን ኃይል ይሞላል፣ ዲኤንኤ እንዲጠገን ያግዛል፣ ሜላኒን ከሠሪው ሴል ወደ ላይኛው ቆዳ የሚተላለፍበትን መንገድ ያጠባል። ለማዲያት የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ክሬም ላይ 4 ወይም 5 በመቶ ይበቃል። በእንክብልም ተሞክሯል። በአውስትራሊያ በ2015 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ ቀደም ሲል የቆዳ ካንሰር የወጣባቸው 386 ሰዎች ተካፍለው፣ በቀን ሁለት ጊዜ 500 ሚሊ ግራም የወሰዱት ላይ አዲስ የሚወጣው ካንሰር በ23 በመቶ ቀንሷል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግን ጥቅሙም ቆሟል። ይህ ለእነዚያ ሰዎች ነው። እናንተ ከፋርማሲ ገዝታችሁ መዋጥ እንድትጀምሩ አልነገርኳችሁም።

አረንጓዴ ሻይ፣ የወይን ፍሬ፣ የቡና ፍሬ ልጣጭ፣ እነዚህም አንቲኦክሲዳንት አላቸው፤ ጥቂት ጥቂት ማስረጃም አላቸው። ቅር አይበላችሁና፣ ብርቱ ማስረጃ እስኪመጣ እነሱን ፍለጋ ብዙ ብር ማውጣት አያስፈልግም።

(አጭር ሙዚቃ)

አንቲኦክሲዳንት ከሁለተኛ ተራ የማያልፈው ለምንድን ነው? የአውስትራሊያዋ ናምቡር ከተማ ታሪክ ይህንን ይመልሳል። ናምቡር በኩዊንስላንድ የምትገኝ፣ ፀሐይዋ የታወቀ ትንሽ ከተማ ናት። ከ1992 እስከ 1996 ዓ.ም. ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ በላይ ነዋሪዎቿ ጥናት ውስጥ ገቡ። ገሚሱ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየቀኑ እንዲቀባ፣ ገሚሱ እንዳሻው እንዲያደርግ ተባለ። በዚያው ጥናት ገሚሱ ደግሞ ቤታ ካሮቲን የተባለ፣ በካሮት ውስጥ ያለ አንቲኦክሲዳንት እንክብል እንዲውጥ፣ ሌላው መድኃኒት የሌለበት እንክብል እንዲውጥ ሆነ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ክሬሙን በየቀኑ የተቀቡት ላይ የቆዳ እርጅና ካልተቀቡት በ24 በመቶ አንሶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ክትትል ሜላኖማ የተባለው አደገኛ ካንሰርም በግማሽ ገደማ ቀንሷል። የቤታ ካሮቲኑ እንክብል ግን በቆዳ እርጅና ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። በፊንላንድ በአጫሾች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ላይማ፣ በ1994 ዓ.ም. እንደታተመው፣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ጨምሮ ተገኝቷል። አንቲኦክሲዳንት የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም።

በሌላ በኩል ክሬሙም ብቻውን አይሞላም። ኤስፒኤፍ 30 የሚለው ከዩቪቢ 97 በመቶ ገደማውን፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ ገደማውን ያስቀራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዋጋው እንደሚለያየው አይደለም። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ስለ ዩቪቢ ነው። ዩቪኤ የሚያስነሣቸውን ፍሪ ራዲካሎች በተመለከተ በ2003 ዓ.ም. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ ተራ ክሬሞች የሚያስቀሩት ከግማሽ እምብዛም እንደማይበልጥ አመልክቷል። ሴረሙ ቦታ የሚያገኘው እዚህ ነው። ክሬሙ ያላስቆመውን ከቆዳ ውስጥ ሆኖ ይቀበላል።

ከዚያ በላይ ደግሞ የምንቀባው በጣም ትንሽ ነው። ኤስፒኤፍ በላብራቶሪ የሚለካው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። አብዛኛው ሰው የዚህን ሩብ ወይም ግማሽ ይቀባል። ለፊትና ለአንገት ልኩ በሁለት ጣቶች ርዝመት የተሰመረ ክሬም ነው፤ ውጭ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ መድገም አለበት። ክሬም ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን እናስቀድም፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከፀሐይ መሸሽ፣ ጃንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ። ነጠላ መከናነብም ይረዳል፤ ግን ሽመናው ስስ ስለሆነ ጨረር ያሳልፋል፣ ደርባችሁ አጥፉት።

ማዲያት ላለባት እህት የገባሁትን ቃል ልፈጽም። የሚታየውን ብርሃን የሚያስቆመው ቀለም ያለው ክሬም ነው፤ አይረን ኦክሳይድ የተባለው የብረት ቀለም ይገባበታል። ቡናማ ስለሆነ እንደ ነጩ ክሬም ፊትን አመድ አያስመስልም፤ ከቆዳ ቀለማችሁ ጋር የሚሄደውን ምረጡ። ከሥሩ ጠዋት ቫይታሚን ሲ ወይም ኒያሲናማይድ ብትቀቢ ጥሩ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽም ሁለቱ በቆዳ ላይ ሲቀቡ አይከለከሉም፤ የቫይታሚን ኤ ዝርያዎች የሆኑትን ሬቲኖልንና ዘመዶቹን ግን እስክትወልጂ ተያቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ጓዳችን እንግባ፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። «ቫይታሚን ሲ ሎሚ ውስጥ አለ አይደል? ለምን ውድ ነገር እገዛለሁ?» ብሎ ሎሚ ቆርጦ ፊቱን የሚያሽ ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ ተዉት። ሎሚ ውስጥ፣ በተለይም ልጣጩ ላይ፣ ፉሮኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ቆዳ ላይ ሆኖ ዩቪኤ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል። ወዲያው ስለማይሰማ ሰው ከሎሚው ጋር አያገናኘውም፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ማዲያት አጠፋለሁ ያለ ሰው ሌላ ጥቁረት ገዝቶ ይመለሳል ማለት ነው። ጤና አዳምም እንዲሁ ነው። ቡና ላይ ጣል ስናደርገው የሚጣፍጠን ቅጠል ተወቅጦ ቆዳ ላይ ከተቀባና ፀሐይ ከነካው ውኃ እስኪቋጥር ያቃጥላል። ከጓሮ ስትቀነጥሱትም እጃችሁን ታጥባችሁ ውጡ።

እሬት ያቀዘቅዛል፣ ቫዝሊንና ቅቤ እርጥበት ይይዛሉ፤ ጨረር ግን አያስቆሙም። ተቀብታችሁ ፀሐይ ላይ መውጣት መከላከያ አይሆንላችሁም።

የአጠቃቀሙ ነገር አጭር ነው። ጠዋት ፊታችሁን ታጠቡ፣ አድርቁ፣ አራት አምስት ጠብታ ሴረም ቀቡ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ክሬሙን ደርቡ። አዲስ ሴረም በመጀመሪያው ቀን ፊት ላይ አይቀባም፤ ክንድ ላይ ወይም ከጆሮ ኋላ ቀብታችሁ ሁለት ቀን እዩት። ትንሽ መንዘር የአሲዱ ጠባይ ነው፤ ማቃጠልና ማበጥ ከመጣ ግን አቁሙ። በሳምንት ውስጥ ፊትን ያነጣ «ቫይታሚን ሲ» ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ። ቫይታሚን ሲ እንዲህ አይሠራም። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባሉት ብርቱ ስቴሮይዶች፣ ወይም ሜርኩሪ፣ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል።

ከመሰነባበታችን በፊት ሁለት ነገር። አንደኛው ለጥቁር ሕዝብ የተለየ ነው። ሜላኖማ በእኛ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ፣ በጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌይ በ1981 ዓ.ም. የሞተው በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በጀመረ እንዲህ ባለ ካንሰር ነው። ይህን ሴረምም ክሬምም አያስቀረውም። ምት ሳያገኘው የጠቆረ ጥፍር ወይም እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ በእግራችሁ ሥር ካያችሁ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ።

ሁለተኛው አልቢኒዝም ስላለባቸው ወገኖቻችን ነው። ቆዳቸው ሜላኒን እምብዛም ስለሌለው፣ ለሌሎቻችን የውበት ጉዳይ የሆነው ለእነሱ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በአፍሪካ ብዙዎቹን በወጣትነታቸው የሚቀጥፋቸው የቆዳ ካንሰር ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በክፍላችሁ ያላችሁ መምህራን፣ ከመስኮቱ ርቆ እንዲቀመጥ፣ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ባርኔጣውን እንዳያወልቅ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜውም በማለዳ እንዲሆን አድርጉለት። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶችም፣ ወደ አገር ቤት ዕቃ ስትልኩ ከሴረሙ ጠርሙስ በፊት ኤስፒኤፍ 50 የሆነውን ክሬም ለእነዚህ ልጆች አስቡበት።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ፊት የሚያቀሉ ክሬሞች ውስጥ ስለሚገኘው ስቴሮይድና እሱን ለማቆም ስለሚወሰደው ጥንቃቄ እንነጋገራለን። ክሬም ተጠቅማችሁ የተቸገራችሁ ካላችሁ ዕቃውን አትጣሉት፤ መለያውን ለሐኪማችሁ አሳዩት።